የዳልቨርን በኩር

ዳልቨርን ቤት፣ ፐርዝሻየር
ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1921

ለክብርት ወይዘሮ ኤልስፔዝ ማክሬ፣

እንዴት ሰነበቱ? ይህን ጽፌ ራሴ አፈርኩ። አይቼዎት አላውቅም፤ እርስዎም ስሜን ያዩት በጠበቃዬ ወረቀት ላይ ነው። ያ ወረቀት ከእኔ ሰላምታ ቀድሞ እርስዎ ዘንድ መድረሱ ነውር ነውና ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሳይፈርሙ መልሰውታል፤ በፊርማው ቦታ ላይ የጻፉትንም አንብቤዋለሁ። ጠበቃዬ «ሴትየዋ አፏ አይጣል ነው» አለ። እኔ ግን በእርስዎ ቦታ ብሆን ከዚያ የባሰ እጽፍ ነበር።

ስለዚህ ወረቀቱን ይርሱትና እኔው ራሴ ላስረዳዎት። ሲቢል እባላለሁ። የአላስዴር ሚስት ነበርኩ፤ አሁን መበለቱ ነኝ። አላስዴር፣ የዳልቨርን ባሮን፣ ባለፈው ኖቬምበር ከፈረስ ወድቆ ሞተ። አንድ ልጅ አለን። ኢቮር ይባላል፤ አሥር ዓመቱ ነው። አባት ሲሞት ልጅ ባሮን ይሆናል፤ እኛም ሐዘናችንን ከመቀመጥ በቀር ሌላ ጣጣ ይመጣል ብለን አላሰብንም። አባቱን በቀበርን በሳምንቱ ግን የአላስዴር ያጎት ልጅ ሄክተር መጣና ኢቮር ዲቃላ ነው አለኝ። በእኔ ሳሎን፣ የእኔን ሻይ እየጠጣ፣ የሐዘን ክራቫቱን እንኳ ሳይፈታ።

የሚለው እንዲህ ነው። በ1898 በአደኑ ወራት፣ ተራራው ላይ ባለው የአደን ቤት፣ አላስዴር የእርስዎን እጅ ይዞ በአደን ጠባቂውና በወጥ ቤቷ ፊት «ይህች ሚስቴ ናት» ብሏል። እርስዎም «ይህ ባሌ ነው» ብለዋል። ቄስ የለ፣ ቀለበት የለ፣ መዝገብ የለ። እኔ የተወለድኩት ለንደን ነው፤ እኛ ዘንድ ይህ የሰካራም ጨዋታ ነው። ስኮትላንድ ውስጥ ግን ሁለት ሰዎች ከልባቸው እንዲህ ከተባባሉ ተጋብተዋል፤ በቃ። እንዲህ ያለ ሕግ ከሰማይ በታች መኖሩን የሰማሁት ከሄክተር አፍ ነው። አላስዴር በዚያን ቀን አግብቶ ከነበረ፣ እኔን ከዓመታት በኋላ ሲያገባ ባለ ሚስት ነበር ማለት ነው። እኔ ሚስቱ ሆኜ አላውቅም፤ ልጄም ያለ ጋብቻ የተወለደ ነው። ያለ ጋብቻ የተወለደ ማዕረግ አይወርስም። ባሮንነቱም፣ ቤቱም፣ መሬቱም ለሄክተር ያልፋል።

ወጥ ቤቷ ሞታለች። ሽማግሌው አደን ጠባቂ ፈርጉስ አለ፤ ቃሉን ሰምቻለሁ ይላል፤ ሰምቷልም። ግን ከልብ ይሁን ለቀልድ እሱ በምን ያውቃል? ቀልድ ከነበረ ጋብቻ የለም። ጉዳዩ በጁን መጨረሻ በሎርዶች ምክር ቤት ይሰማል። «ቀልድ ነበር» ብሎ መማል የሚችል ሰው በምድር ላይ አንድ ቀርቷል፤ እርስዎ ነዎት።

የእኔን ውርደት እችለዋለሁ። የቤቱ አዛዥ እስከ ገና ድረስ «እመቤቴ» ይለኝ ነበር፤ አሁን ሊጠራኝ ሲፈልግ ይስላል። ይሳል፤ ጉሮሮው ነው። የኢቮር ነገር ግን አንጀቴን በላው። ትምህርት ቤቱ «ነገሩ እስኪጣራ ልጁን ምን ብለን እንጥራው?» ብሎ ጻፈልኝ። ልጄን ምን ብለን እንጥራው! እባክዎን። ወጣቶች ነበራችሁ፤ ዝናብ ነበር፤ ጠጥታችሁ ስቃችኋል። ይህንኑ ብቻ ይበሉልኝ።

አክባሪዎ፣
ሲቢል ዳልቨርን


ፖርት አርዶክ፣ ኖቫ ስኮሺያ
ማርች 2 ቀን 1921

ለሲቢል፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አንቺ ስልሽ አትቆጪ። ዘመድሽ ሄክተር ልክ ከሆነ የቤቱ እመቤት እኔ ነኝ፤ አንቺ ደግሞ ጣውንቴ ነሽ። ጣውንትን እርስዎ የሚል አገር ካለ ንገሪኝ።

እሱም ጽፎልኛል። ፖስታው ላይ «ለክብርት ሌዲ ዳልቨርን» ይላል። ፖስተኛው ያቺን ፖስታ ይዞ መንደሩን ሁሉ ሲዞር ዋለ። በመጨረሻ ዓሣ የምንሰነጥቅበት መጋዘን መጣና እጄን፣ ጨው የበላውን፣ አየት አድርጎ «ኤልስፔዝ፣ ይህችን ትልቅ ሴትዮ ታውቂያታለሽ?» አለኝ። ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ሌዲ፣ ቢላዋውን አቀብዪን» ነው የሚሉኝ። እኔም አብሬ ስቄያለሁ፤ ምን ላድርግ።

ስቃችኋል አልሽ። አዎ ስቀናል። ደስ ያለው ሰው አይስቅም? አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ በአደን ቤቱ ልብስ አጣቢ ነበርኩ። ዝናቡ አዳኞቹን ቤት ዘግቶባቸው ነበር። አላስዴር ወደ ወጥ ቤት ገባ፣ እጄን ከሳሙናው ውስጥ አወጣ፣ አረፋው ሳይደርቅ ያዘውና ያን ቃል ተናገረ። ፈርጉስ ቆቡን አወለቀ። ለቀልድ ቆብ ይወለቃል? ጠጥቶ አልነበረም። ከዚያም እስከ ሴፕቴምበር ማለቂያ ከአደን ቤቱ በላይ ባለች ጎጆ ውስጥ እንደ ባልና ሚስት ኖርን። ከዚያ አባቱ፣ የድሮው ባሮን፣ ሰማና መጣ። አንዲት ቃል አልሰደበኝም። ሠረገላ አቀረበ፤ ሠረገላው ወደብ፣ ወደቡ መርከብ፣ መርከቡ እዚህ አመጣኝ። ያንቺ አላስዴር ወደ ህንድ፣ ወደ ክፍለ ጦሩ ተላከ። አባቱ ፊት ትንፍሽ አላለም። ይህን ስጽፍ አሁንም ደሜ ይፈላል።

ልጅሽ አሳዘነኝ፤ የእውነቴን ነው። ግን እኔም ልጅ ወልጃለሁ። ሲቢል፣ ቁጭ ብለሽ አንብቢው፤ ከአላስዴር ወንድ ልጅ ወልጃለሁ። ሄክተር ይህን አያውቅም፤ ቢያውቅ «ክብርት ሌዲ» እያለ ባልተንገበገበ። እኔ ሚስት ከሆንኩ ማዕረጉ ለእሱ ሳይሆን ለልጄ ነዋ። እዚህ ላሉት ባሌ ባሕር ላይ ሞቷል ብያቸዋለሁ፤ ማንም አላመነኝም፤ የማን ልጅ እንደሆነም ማንም አያውቅም። ልጄ ሰባት ዓመት ሲሆነው አፍንጫው ደም በደም ሆኖ ከትምህርት ቤት መጣና «እማ፣ እኔ ዲቃላ ነኝ?» አለኝ። «አይደለህም፤ አባትህና እናትህ ተጋብተዋል» አልኩት። ፊቱን ታጠበና ወጥቶ ሄደ። ሁለተኛ አልጠየቀኝም፤ አመነኝ።

እንግዲህ አንቺ የምትዪኝ ይህን ቃል ከልጄ ላይ መልሼ እንድነጥቀው ነው። አልነጥቀውም። ስድብሽን ጨምሪበት ብትዪኝ ያለኝ ይኸው ነው።

ኤልስፔዝ ማክሬ


ፖርት አርዶክ
ኤፕሪል 6 ቀን 1921

ሲቢል፣

ከደብዳቤሽ ጋር የላክሽውን የኢቮርን ፎቶግራፍ መልሼልሻለሁ። ዳግመኛ እንዳትልኪልኝ። ለሰው የልጅ ፎቶ መላክ ግፍ ነው። ጆሮው የአላስዴር ነው፤ ያ የወጣ ጆሮ። ኩርሲ ላይ ተቀምጬ ስንት ሰዓት እንዳየሁት እኔ ነኝ የማውቀው። መጋዘን አርፍጄ ገባሁ፤ አለቃው ጮኸብኝ፤ ያንቺ ጥፋት ነው።

የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ፤ ስለለመንሽ እንጂ መብት ኖሮሽ አይደለም። ልጄ ራናልድ ይባላል። ፈረንሳይ አገር ነው ያለው። ይመጣብኛል፣ ጠበቃ ይዞ በሬን ያንኳኳል ብለሽ እንቅልፍ ማጣትሽን ተዪው። ቤትሽን ሊነጥቅ አይመጣም። ከዚህ በላይ ስለ እሱ አትጠይቂኝ። «የማይፈልገው ከሆነ ታዲያ ለምን አትፈርሚም?» ብለሻል። ጎበዝ ጠበቃ ይወጣሽ ነበር። እሱ ስላልፈለገው ያልኩት ቃል ውሸት ይሁን?

ሁሉም ከእኔ ቃል ይፈልጋል። ሄክተር «ከልቤ ነበር» በይ ይላል። አንቺ «ቀልድ ነበር» በይ ትያለሽ። እኔስ ከማን ልጠይቅ? እኔ የራሴን ልብ ነው የማውቀው፤ የእሱን አላውቅም። አዎ፣ ባለፈው በድፍረት ጻፍኩልሽ፤ ቆብ ተወልቋል ምናምን አልኩሽ። ሌሊቱን ግን፣ ይኸው ስንት ዓመት፣ «ይህ ሰውዬ ተጫውቶብኝ ይሆን?» እያልኩ ነው የኖርኩት። በዚያች ቀን፣ ልብሱን አብረን ስናሰጣ፣ «የመጀመሪያው ልጃችን ራናልድ ነው የሚባለው፤ የዳልቨርን በኩር ሌላ ስም የለውም» ብሎኝ ነበር። ልጁ ሲወለድ ራናልድ አልኩትና ህንድ ድረስ ጻፍኩለት። ወንድ ነው፣ ስሙን እንዳልከው አውጥቼለታለሁ ብዬ። መልስ አልመጣም። ደርሶት ይሁን፣ አንብቦ ስቆ ይሁን፣ ሳይከፍት ጥሎት ይሁን አላውቅም።

አንቺ አብረሽው ኖረሻል። ስለዚህ ዳግመኛ ከመለመንሽ በፊት አንድ ነገር ንገሪኝ። ስሜን አንስቶ ያውቃል? ታምሞ፣ ሰክሮ፣ በእንቅልፍ ልቡ? እንዳትዋሺኝ፤ ሰው ሲዋሸኝ አውቃለሁ።

ኤልስፔዝ


ዳልቨርን ቤት
ኤፕሪል 23 ቀን 1921

ኤልስፔዝ፣

ስምሽን አንስቶ አያውቅም። ታምሞም፣ ሰክሮም፣ በእንቅልፍ ልቡም። እንዳትዋሺኝ ብለሻልና ይኸው አልዋሸሁሽም፤ እዚህ ላይ ባቆም ለእኔ ጥሩ ነበር። ደብዳቤውን እዚህ ላይ ዘግቼ ሰም አድርጌበት ነበር። አደረ። ጠዋት ፖስታውን ቀድጄ ከፈትኩት።

«ራናልድ» የምትለዋን ቃል ደብዳቤሽ ላይ ሳነብ ቆሜ ነበር፤ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። የቤተ ክርስቲያናችንን ግድግዳ ታስታውሺው ይሆናል። ከላይ እስከ ታች የዳልቨርን በኩሮች ናቸው፤ ራናልድ፣ ራናልድ፣ ራናልድ። አንዱ ሞቶ ሌላው ሲወርስ ስሙን ለልጁ ይሰጣል። የአላስዴር ታላቅ ወንድምም ራናልድ ነበር፤ ትራንስቫል ጦርነት ላይ ልጅ ሳይወልድ ስለሞተ ነው ማዕረጉ ለአላስዴር የደረሰው። ኢቮር ሲወለድ ታዲያ ስም የተከራከረ አልነበረም፤ ምን አከራከረ? አማቴ ራናልድ የሚል የተጠለፈበት የጥምቀት ልብስ ከሣጥን አወጣች። ቄሱ ልጄን ታቅፎ፣ ውሃው እጁ ላይ ሆኖ «ራናልድ» ሊል አፉን ሲከፍት አላስዴር «አይሆንም፤ ኢቮር ይባል» አለ። አማቴ «ምን ነካህ አንተ?» አለችው። «ያ ስም ባለቤት አለው» አላት። ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አልጨመረም።

የሞተውን ወንድሙን ማለቱ መስሎኝ ነበር። እንዴት ያለ የወንድም ፍቅር ነው ብዬ አልቅሻለሁ፤ አየሽ ጅልነቴን! እዚህ ቤት የሞተ ሰው ስም ነው ለበኩር የሚሰጠው፤ ግድግዳውን ስንት እሑድ እያየሁት አላስተዋልኩም። ባለቤት አለው ያለው ሙትን አይደለም፤ ያንቺን ልጅ ነው። ደብዳቤሽ ደርሶታል። አንብቦታል። ቀልድ ቢሆን፣ ካንዲት ልብስ አጣቢ የተወለደ ዲቃላ ቢሆን፣ የበኩር ስም ማን ይጠብቅለታል? በገዛ ልጄ ጥምቀት፣ እኔ ነጭ ሐር ለብሼ ፈገግ ብዬ በቆምኩበት፣ ልጄ በኩር እንዳልሆነ በሰው ሁሉ ፊት ተናገረ። እናቱም አልገባት፣ ቄሱም አልገባው፣ እኔም አልገባኝ።

ከልቡ ነበር፣ ኤልስፔዝ። የጠየቅሽው ይኸው።

ለምን እንደነገርኩሽ አላውቅም። ምናልባት በእሱ ስለተናደድኩ፤ ምናልባት ብቻዬን ልችለው ስላልቻልኩ፤ ይህን ላወራው የምችል ሰው ደግሞ ካንቺ በቀር የለኝም፤ ጉድ እኮ ነው። ይህን ወረቀት ለሄክተር ብትልኪው አለቀልኝ። ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም። ጠበቃዬ ቢያውቅ ብዕሩን ከእጄ ይነጥቀኝ ነበር።

እስካሁን እውነቱን ተናገሪልኝ እያልኩ ነበር የለመንኩሽ፤ ቀልድ መሆኑን ከልቤ አምኜ። አሁን ግን የምለምንሽ ዋሺልኝ ብዬ ነው። እግርሽ ላይ ወድቄ ነው የምለምንሽ። ራናልድሽ ትልቅ ሰው ነው፤ ራሱን ችሏል፤ ቤቱንም አይፈልገውም ብለሻል። የእኔው ገና ጥርሱን ቀይሮ አልጨረሰም። ሄክተር ካሸነፈ ለኢቮር ስም እንኳ አይተርፈውም፤ የአባቱን ስም መያዝ አይችልም፤ የእኔ የአባቴ ስም እንኳ የሚሰጠው በችሮታ ነው።

አልተቀየምኩሽም። አንቺ ነሽ ልትቀየሚኝ የሚገባሽ።

ሲቢል


ዳልቨርን ቤት
ሜይ 17 ቀን 1921

ኤልስፔዝ፣

ዝም አልሽኝ። ፖስተኛው በመጣ ቁጥር በር ድረስ እሮጣለሁ፤ አዛዡ መሳሉንም ትቶ ዞር ይልልኛል። ደብዳቤዬ ጠፍቶ ይሆን? ወይስ ለሄክተር ልከሽው? ልከሽው ከሆነ ንገሪኝና ልረፍ።

ኢቮርን ከትምህርት ቤት አወጣሁት። ቁምሳጥኑ ላይ የነበረውን ስም ፍቀውበት ነበር። እቤት ከመጣ ወዲህ አይናገርም። ትናንት ቀለበቴን ከጠረጴዛዬ ላይ ወሰደና በአልማዙ የመስኮቱን መስተዋት ሁሉ ስሙን ጻፈበት። ኢቮር ዳልቨርን፣ ኢቮር ዳልቨርን፣ ኢቮር ዳልቨርን፣ እጁ እስኪደማ። ልቆጣው ብዬ ሄጄ አብሬው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ዛሬ ሄክተር አንዲት ሴት ይዞ መጣ፤ ለመጋረጃ መስኮት ልትለካ። በእኔ ቤት፣ እኔ እያለሁ! መስተዋቱን አየና «ይህንንም ማስቀየር ሊኖርብኝ ነው» አለ። ልጄ እዚያው ቆሟል። ሰው በሰው ላይ እንዲህ ይጨክናል?

ጠበቃዬ በዚህ ወር መጨረሻ ያንቺ ቃል ካልተላከ ጊዜ አይደርስም ይላል። ስደቢኝ፣ እርገሚኝ፣ ግን አንድ ቃል ጻፊልኝ። አልችልም ካልሽም አልችልም በዪ። ይህን ዝምታ አልቻልኩትም።

ሲቢል


ፖርት አርዶክ
ሜይ 30 ቀን 1921

ሲቢል፣

ዝም ያልኩት ልቀጣሽ ብዬ አይደለም። መጻፍ አቅቶኝ ነው። የመጨረሻው ደብዳቤሽ ዛሬ ጠዋት ነው የደረሰኝ፤ የምነግርሽ ነገር ግን ከዚያ በፊት የተደረገ ነው። እንባ አሸነፋት እንዳትዪ።

የጥምቀቱን ደብዳቤ ያነበብኩት ዓሣ ማስጫው ሥር ቁጭ ብዬ ነው። ሴቶቹ ፊቴን አይተው «ምነው፣ ማን ሞተብሽ?» አሉኝ። «ማንም፤ ባሌ ደብዳቤዬን አንብቦት ኖሯል» አልኳቸው። እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ ውሃ አመጣችልኝ። ጨርሳ አበደች ብለው ነው።

መጀመሪያ ደስ አለኝ። እንዴት ያለ ደስታ መሰለሽ፤ መንገድ ላይ ብቻዬን እስቅ ነበር። ከዚያ ማግስት ተናደድኩ። አንብቦት! አውቆ! ስም ጠበቀለት እንጂ አንድ ጫማ አልላከለትም። ስም ይበላል? ስም ይለበሳል? ከመቃብር ብጎትተው ኖሮ በዚያች ሳምንት በእጄ ነበር የማንቀው፤ አንቺም አንዱን እጁን ትይዢልኝ ነበር። አሁን ንዴቱም ወጥቶልኛል። ከልቡ ነበር፤ ፈሪ ነበር፤ ሁለቱም እውነት ነው።

የደበቅኩሽን ልንገርሽ። ራናልድ ሞቷል። በ1918፣ በሴፕቴምበር፣ ካምብሬ የምትባል ከተማ አጠገብ። ጦርነቱ ሊያልቅ ሲል። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ፈረንሳይ ነው ያልኩሽ አልዋሸሁሽም፤ እዚያው አፈር ሥር ነው። ለምን አልነገርሽኝም አትበዪኝ። ብነግርሽ «ለሞተ ልጅ ማዕረግ ምን ይሠራለታል?» ትዪኝ ነበር፤ እሱን ደግሞ ከማንም አፍ መስማት አልቻልኩም። እኔ ማዕረግ ፈልጌለት አላውቅም። የነገርኩት ቃል እንዲቆምለት ብቻ ነበር። ሊዘምት ሲል ወደቡ ላይ ለጓደኞቹ «የእኔ አባት ሚስቱን ከወጥ ቤት ነው ያገባት» ብሎ እየኮራ ሲያወራ ሰምቼዋለሁ። እኔ ያልኩትን ይዞ ሄደ፤ እሱን ይዞ ሞተ።

አሁን እውነት መሆኑን አውቃለሁ፤ አንቺ ነሽ የነገርሽኝ፤ አንገትሽን ገመድ ውስጥ አስገብተሽ። ለሄክተር አልላክሁትም። ላንቺም አልመልስልሽም። ደብዳቤው የእኔ ነው፤ ስሞት ከእኔ ጋር ይቀበራል፤ ለቄሱ ነግሬዋለሁ። አሁን እንዳትፈሪ፤ ቄሱ ማንበብ የሚወድ ሰው አይደለም።

የእኔ ልጅ ሞቷል፤ የነገርኩት ቃል ከእሱ ጋር ነው፤ ከእንግዲህ የሚነጥቀው የለም ብዬ አሰብኩ። ያንቺው ግን ያድጋል፤ ገና ስንት ቀን ይጠየቃል። በሰባት ዓመት ልጅ ላይ ምን እንደሚደረግ አይቻለሁ፤ ባሥር ዓመት ልጅ ላይ ሲደረግ ደግሞ እኔ ነኝ አድራጊዋ። ይህን አልችልም። ላንቺ ብዬ አይደለም። ለእሱም አይደለም ምናልባት። ብቻ አልችልም።

የዚህ አገር መሐላ ተቀባይ ሹም ራናልድን ያውቀዋል፤ በልጅነቱ ፈረሱ ላይ ያስቀምጠው ነበር። ስለዚህ ማንም ወደማያውቀኝ ወደ ሃሊፋክስ በባቡር ሄድኩ። እዚህ መንግሥት በጦርነቱ ልጃቸው ለሞተባቸው እናቶች የብር መስቀል ሰጥቷል፤ ከሰጡኝ ቀን ጀምሮ ከደረቴ አውልቄው አላውቅም። የሃሊፋክሱ ሹም ቤት ደረጃ ላይ ፈታሁትና ኪሴ ከተትኩት። ገብቼ እጄን መጽሐፍ ቅዱሱ ላይ አኖርኩ። ሹሙ ጠበቃሽ ዳግመኛ የላከልኝን ጥያቄዎች አንድ ባንድ አነበበልኝ፤ ወጣት ነው፤ ቀና ብሎ እንኳ አያየኝም።

«ያን ቃል ሲናገሩ ጋብቻ መፈጸምዎ ነው ብለው አስበዋል?»

«አላሰብኩም። ቀልድ ነበር። ዝናብ ነበር፤ ተሳሳቅን» አልኩ።

«ከዚያ በኋላ ከእሱ ጋር እንደ ሚስት ኖረዋል?»

«አልኖርኩም።»

«ከእሱ ልጅ ወልደዋል?»

ብዕሩን እንደያዘ ይጠብቃል። ውጭ ጋሪ ያልፋል። «እመቤት፣ ጥያቄውን ልድገመው?» አለኝ።

«አልወለድኩም» አልኩ። ፈረምኩ። ወረቀቱ ለጠበቃሽ ተልኳል፤ ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ እሱም ይደርሳል። አታመስግኚኝ። እለምንሻለሁ፣ አንድም ቃል አትጻፊልኝ፤ መልስሽን የማነብበት አቅም የለኝም።

ስመለስ ባቡሩ ውስጥ አንዲት ሴት ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ያው የብር መስቀል ደረቷ ላይ አለ። ወሬ ጀመረችኝ። ልጇ ጆሴፍ ይባል እንደነበረ፣ ሽንኩርት እንደማይወድ፣ የት እንደወደቀ፣ ማን አጠገቡ እንደነበረ፣ ሁሉንም ነገረችኝ። ስሙን ስትጠራ ፊቷ ይበራል። እኔም እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ መስቀሌን ጭብጥ አድርጌ እሰማታለሁ። ከዚያ ጨዋ ሴት ናትና የእኔን ልትጠይቀኝ «እርስዎስ፣ ልጅ ወልደዋል?» አለችኝ።

«አልወለድኩም» አልኳት።

«ታድለዋል» አለችኝ።

ኤልስፔዝ ማክሬ